መጥረቢያ ይዛ ዶካ የመጣችው ሴት

ይህ የሆነው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በምሥራቅ ሱዳን ዶካ በምትባል የገበያ ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር አይቻለሁ፤ ከዚህ የከፋም የተሻለም ነገር ዘግቤአለሁ። ነገር ግን የድሬዳዋ ዛፍ አብቦ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የምትለኝ ድሬዳዋ ሳትሆን ዶካ ናት።

በዚያ ዘመን የምኖረው እዚያው ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ነበር። ከውጭ ለሚመጡ ጋዜጠኞች አስተረጉም ነበር፤ ዜና መጻፍንም የለመድኩት የእነሱን እያየሁ ነው። ጋዜጠኛ በሌለበት ጊዜ አንድ የእርዳታ ድርጅት ወደ ካምፖቹ በሚልካቸው መኪናዎች እየተሳፈርኩ እሄዳለሁ። ጠዋት ገበያ ውስጥ ፉል በልቼ፣ የሰሊጥ መጭመቂያዎቹ ሽታ ልብሴ ላይ እንዳለ፣ በዶካ መንገድ መውጣት ኑሮዬ ሆኖ ነበር። ያ ሽታ ዛሬም ይናፍቀኛል። የችግር ዘመን ይናፍቃል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ይናፍቃል። ወጣት ነበርኩ፣ የማውቃቸው ሰዎችም በሕይወት ነበሩ።

ዶካ የሎሪዎቹ መቆሚያ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ግቢ አለ። ከአጥሩ በላይ ወደ መንገዱ የተንዠረገገ የድሬዳዋ ዛፍ ነበረበት። በዚያ ወር አገሩ ሁሉ ደርቆ አመድ መስሏል። ዛፉ ግን ቅጠል ሳይኖረው በአበባ ብቻ ቀልቷል። ካለፈው ዓመት የቀሩት ጥቁር ፍሬዎቹ እንደ ጎራዴ አፎት ከአበባው መሐል ተንጠልጥለዋል። የሎሪ ጫኞች ከሥሩ ተኝተው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

በዚያ ቀን ከመኪና ስወርድ ጫኞቹ ተኝተው አልነበረም። ክብ ሠርተው ይጮኻሉ። መሐላቸው አንዲት የእኛ አገር ሴት መጥረቢያ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆማለች። እግሯ ሥር አንድ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከነአበባው ወድቋል። አንድ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ «ተስሪህ! ተስሪህ!» ይላታል። ተስሪህ ከካምፕ ለመውጣት የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ያለ ተስሪህ የተያዘ ስደተኛ ታስሮ ይከርማል፣ ወይም ጭነው ወደ ሌላ ካምፕ ይወስዱታል።

«ምን ሆነሽ ነው፣ እታለም?» አልኳት።

አማርኛ ስትሰማ ትከሻዋ ወረደ። «የእኛ ሰው ነህ? ንገርልኝ በሞቴ። የፈለግሁት አንድ ቅርንጫፍ ነው። ለማገዶ አይደለም በላቸው።»

«ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ለልጀ።»

ስሟ ይታይሽ ነበር። ከጭልጋ በኩል ከባሏ ከሞላና ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር በእግር ነው የመጡት። ልጅቷ፣ ስንዱ፣ ካምፕ ከገቡ በኋላ በኩፍኝ ሞተች። ቄስ በቅርብ አልተገኘም። ከካምፑ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ተቀበረች። ያ ሜዳ ጠፍጣፋ ነው፤ ድንጋይ የሚባል የለበትም። አባቷ ከእንጨት መስቀል ሠርቶ ተከለላት፤ በማግሥቱ ጠፋ።

«ማን ወሰደው አልልም» አለችኝ ይታይሽ። «የሚቀቅለው ያገኘ ሰው ወስዶታል።»

የፈራችው ክረምቱን ነበር። ዝናብ ሲመጣ ያ ጥቁር መሬት አብጦ፣ ጉብታውን ሁሉ ውጦ እኩል እንደሚሆን ቀድመው የመጡት ነግረዋታል። ባሏ ደግሞ ወደ አገር እንመለስ እያለ ነው። የልጇ መቃብር የት እንደሆነ የሚያሳይ አንድም ነገር ሳይኖር መሄድ አልሆነላትም። አንድ ቀን የእርዳታ እህል ለመቀበል በመኪና ሲወስዷት በዶካ ስታልፍ ይህን ዛፍ አየች። ቀይ አበባው አገሯ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዙሪያ ያለውን ኮርች መሰላት።

ኮርችን የሚያውቅ ሰው ስህተቱ ወዲያው ይገባዋል። ኮርች ዘር አይፈልግም። ጎንደሬ አጥር ሲያጥር ወፍራም የኮርች ግንድ ቆርጦ መሬት ይሰካል፤ ግንዱ ራሱ ሥር ያወጣል። ይታይሽም እንዲሁ አድርጋ ነበር። ከአሁን በፊት ሁለት ጊዜ መጥታ የደረሰችበትን ቀጫጭን ቅርንጫፍ ሰብራ ወስዳ ሰክታለች። ሁለቱም ደረቁ፤ የድሬዳዋ ዛፍ እንደ ኮርች ተሰክቶ ሳይሆን በዘር ነው የሚበቅለው። ቅርንጫፉ ቀጥኖ ነው ብላ አሰበች፤ ስለዚህ ለሦስተኛው መጥረቢያ ተውሳ መጣች።

ይህን ሁሉ በአረብኛ ስተረጉም የግቢው ባለቤት ወጥታ ትሰማ ነበር። ሐጃ ዘይነብ ይሏታል። ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ የሻይ ብርጭቆ ከእጇ የማይለይ ሴት። ሰምታ ስትጨርስ ወደ ይታይሽ ዞራ ክንዷን ዘረጋች።

«ይኸውልሽ፣ በያ መጥረቢያ ይህን ቁረጪና መሬት ስኪው። ሌላ ሐጃ ይበቅልልሽ እንደሆነ እናያለን።»

ጫኞቹ ሳቁ። አንዱ «በአላህ እንዳታደርገው! አንዷ ሐጃ መቼ አነሰችን!» አለ።

ፖሊሱ አልሳቀም። «ተስሪህ የላትም» አለ።

«እንግዳዬ ናት። ተስሪሁ እኔ ነኝ።»

«ሐጃ፣ መጥረቢያ ይዛ እኮ ነው የመጣችው።»

«ታዲያ እንግዳ ባዶ እጁን ይመጣል?» አለችና ይታይሽን በእጅጌዋ ይዛ ወደ ግቢዋ አስገባቻት። ፖሊሱ ጥቂት ቆሞ ሄደ። እኔም ተከትዬ ገባሁ።

ሐጃ ከመሬት አንድ ደረቅ ፍሬ አነሣች። በመጥረቢያው ጀርባ መትታ ከፈለችው። ውስጡ ዘሮቹ እያንዳንዳቸው በየጎድጓዳቸው ተጋድመዋል፤ ረዘም ያሉ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከሩ። በጣሳ ሰበሰበቻቸው። ከዚያ ከከሰሉ ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን አነሣችና የፈላውን ውሃ ገለበጠችባቸው።

ይታይሽ ደነገጠች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይች ሴትዮ ዘርና ንፍሮ አትለይም እንዴ?» አለችኝ።

«ምን አለች?» አለች ሐጃ።

«ታመሰግንሻለች» አልኩ።

ሐጃ ተጠራጥራ አየችኝ፤ ቢሆንም አስረዳችን። ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ውሃ አያስገባም። ዝም ብለው ቢዘሩት ዓመት ተኝቶ ይከርማል። የፈላ ውሃ ካፈሰሱበት ግን ልጣጩ ይላላል፤ እሳት ላይ ጥዶ ማፍላት ግን ይገድለዋል። በዚያው ውሃ ውስጥ ቀዝቅዞ ይደር። ጠዋት ያበጠው ይዘራል፤ ያላበጠው ጫፉ በድንጋይ ፈተግ ተደርጎ እንደገና ይነከራል። መጀመሪያ በጣሳ ነው የሚያድገው፤ ጣሳው ታቹ ይበሳ። አፈሩ ከወንዝ ዳር አሸዋና ከፍየል በጠጥ ጋር ይቀላቀል። ፀሐይ ይፈልጋል፤ ውሃ ግን በልክ ነው።

«ከቤት አጠገብ እንዳትተክሉት» አለች፣ የተሰነጠቀ ግድግዳዋን በአገጯ እያሳየች። «ሥሩ ላይ ላዩን ሄዶ ግድግዳ ያነሣል።»

ተረጎምኩላት። ይታይሽ «መቃብር ግድግዳ የለውም» አለች። ይህንንም ተረጎምኩ። ሐጃ ሻይ ቀዳችላት፤ ስኳሩንም ከለመደችው በላይ ጨመረችበት።

ስንወጣ ይታይሽ መቼ እንደሚያብብ ጠይቅልኝ አለችኝ። ሐጃ ሳቀች። «አምስት ዓመት። አንዳንዱ አሥር። አበባውን ማየት የፈለገ ዕድሜ ይለምን።»

በድርጅቱ መኪና ይዣት ካምፕ ተመለስኩ። ሐጃ የጨመረችላትን ደረቅ ዘሮች በጨርቅ ቋጥራ ጡቷ ሥር አድርጋቸው ነበር። በዚያ ረሃብ ጊዜ ዘር የሚመስል ነገር በግልጽ ይዞ መግባት አይቻልም።

እንደተነገራት ስትነክራቸው ብዙዎቹ አበጡ፤ የበቀሉት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። የተቀሩትን አይጥ በላቸው። ሁለቱ በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አደጉ፤ አንዷ ጠንካራ፣ አንዷ ቀጫጫ። ቅጠላቸው እንደ ግራር የደቀቀ፣ ፀሐይ ሲገባ የሚታጠፍ ነበር። ይታይሽ ከምትጠጣው ውሃ እየቀነሰች ታጠጣቸው ነበር። ካምፕ በሄድኩ ቁጥር እየጠራች ታሳየኛለች።

ሞላን ያወቅሁት በዚያን ጊዜ ነው። ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነበር። ቆርቆሮዎቹን አያይም። ልጁ ከተቀበረች ወዲህም ወደዚያ ሜዳ ሄዶ አያውቅም። የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጎቱ ጥማድ በሬ ተርፎታል፣ ሰኔ ሳይጋመስ ከደረሰ ያውሰዋል፣ ካልደረሰ በሬው ለሌላ ሰው ይሄዳል። ያ ማለት መሬቱ ዘንድሮም ጦም ያድራል ማለት ነው። ሌላ ዓመት በእርዳታ እህል መኖር ለሞላ ሞት ነበር።

አንድ ነጋዴ ሎሪውን ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ገላባት ይዞ ሊሄድ መሆኑን ሰምቼ ቦታ ለመንኩላቸው። ከዚያ በኋላ መንገዱ በጭቃ ይዘጋል፤ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ሎሪ አይንቀሳቀስም። ይህን ልነግራቸው ስሄድ ጎጇቸው ውስጥ ሲከራከሩ ደረስኩ።

«መሬት አይጠብቅም፣ አንች ሴት» ይላል ሞላ።

«ችግኟ መሬት እስክትይዝ ነው ያልሁህ።»

«እሷ የምትፈልገው ዝናብ እኮ እኔም የምፈልገው ዝናብ ነው።»

«ስንዱስ?»

«ስንዱ ሞታለች።»

«ለዚያ ነዋ የምልህ። እኛ ከሄድን ማን አላት?»

ሞላ ወደ በሩ ዞረ። እኔን ሲያይ «ግባ ወንድሜ» አለና ቦታ ለቀቀልኝ።

በዚያው ሰሞን የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ዘነበ። ይታይሽ ጊዜ አላጠፋችም። መቃብሩ ራስጌ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራ ጠንካራዋን ችግኝ ተከለች። ጉድጓዱ በቀጣዩ ዝናብ እንደ ገንዳ ሞላ፤ ውሃውም አልሰረገም። ችግኟ ከነቅጠሏ ውሃው ውስጥ ቆማ ቢጫ ሆነች፤ ከዚያም በሰበሰች። ቀጫጫዋ ብቻ ቀረች።

ሎሪው የሚሄድበት ጠዋት ሞላ ሚስቱን ሊጠራ ወደ ሜዳው ወጣ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ይታይሽ ቀጫጫዋን ይዛ በዚያው ጉድጓድ ልትተክላት ውሃውን በጣሳ እየቀዳች ታፈሳለች። ሞላ ቆሞ አያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ዘገነና ጨበጠው። በጣቶቹ መሐል እንደ ሊጥ ወጣ።

«ይኸ መረሬ ነው» አለ፤ ውሃ የማያሰርግ ጥቁር የሸክላ አፈር ማለቱ ነው።

እሷ ውሃውን መቅዳቷን ቀጠለች።

«መረሬ ላይ ጉድጓድ ቆፍረሽ ተከልሽ? የማን ሚስት ነሽ አንች?»

«የገበሬ ነኝ። ገበሬው የት ነበር?» አለችው።

ሞላ ጋቢውን አውልቆ ሰጠኝና ዶማውን ከእጇ ወሰደ። ጉድጓዱን ደፈነው። በላዩ ከወንዝ ዳር ባመጣው አሸዋና በአፈሩ ወገብ የሚደርስ ጉብታ ሠራ፤ ቀጫጫዋን ከጉብታው አናት ላይ ተከላት። ቀጥሎ ውሃው የሚወርድበትን ቦይ፣ ገበሬ ፈሰስ የሚለውን፣ ከመቃብሩ ዙሪያ አንሥቶ ወደ ሜዳው ዝቅታ ይስብ ጀመር። ላብና ጭቃ ፊቱን ሸፍኖት ስለነበር ሌላ ነገር ቢኖርበትም አላየሁም።

ከካምፑ በኩል የሎሪው ጥሩምባ ተሰማ። ይታይሽ ብድግ ብላ ጓዟን ተሸከመች።

«አንተየ፣ መኪናው ሊሄድ ነው።»

«ፈሰሱ አልወጣም።»

«ተተከለች እኮ! እንሂድ!»

«በግማሽ የተተወ ፈሰስ ውሃውን ወደ ውስጥ ነው የሚያመጣው። ተያት እኔን።»

ጥሩምባው ደጋግሞ ጮኸ። ሮጬ ሄጄ ነጋዴውን ትንሽ ቆይ አልኩት። «ምን እየሠራ ነው?» አለኝ። «እያረሰ ነው» አልኩት። ነጋዴው ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሞተሩን አስነሣ። ሎሪው ሲወጣ ሞላ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ጎንበስ አለ። ከሰዓት በኋላ እሾህ ቆርጦ ጉብታውን ለፍየል እንዳይመች አድርጎ አጠረው። መንገዱም በዚያው ሰሞን ተዘጋ።

ክረምቱን ካምፕ ውስጥ አሳለፉት። መስከረም ላይ ቀጫጫዋ ከእሾህ አጥሩ በላይ ስትታይ በእግራቸው ሄዱ። እስከ ዶካ ሸኘኋቸው። ይታይሽ ሐጃን ተሰናብታ ወጣች፤ ቋንቋ ሳይኖራቸው እንዴት እንደተሰነባበቱ አላውቅም፣ እኔን ውጭ ቆይ ብለውኝ ነበር። ሞላ በበጋ በሳምንት አንድ ቀን ከሥሯ ራቅ አድርጌ ውሃ እንዳፈስላት አደራ አለኝ። እኔም በሄድኩ ቁጥር ጀሪካን ይዤ እወጣ ነበር። ሾፌሮቹ «ጋዜጠኛው ዛሬም ዘመድ ጥየቃ ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል። ከሁለተኛው በጋ በኋላ ውሃ የሚያሻት አልሆነችም።

ያበበችው በአምስተኛው ዓመት ነው። የዚያን ጊዜ አንድ ስልክ በመላው ጭልጋ አልነበረም ብል አልተሳሳትኩም፤ አድራሻም የለኝም። በየዓመቱ ግን ከመተማና ከጎንደር በኩል ሰሊጥ ሊያጭዱ የሚመጡ የቀን ሠራተኞች አሉ። ገዳሪፍ ገበያ ላይ ጭልጋ የሚል ሰው ባገኘሁ ቁጥር «ሞላና ይታይሽ የሚባሉ ባልና ሚስት ብታውቅ፣ ዛፏ አብባለች በላቸው» እላለሁ። ጋዜጠኛ የላከው ዜና መድረስ አለመድረሱን ማጣራት አለበት። ይህን ማጣራት አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ዓመት በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ አንድ ጎልማሳ አጠያይቆ ቤቴ መጣ።

«ይታይሽ ልካኝ ነው» አለኝ።

አስቀመጥኩት። በሕይወት እንዳሉ ነገረኝ። ሞላ ያን ዓመት ለጤፍ አልደረሰም፣ በሬውንም ሌላ ሰው ወስዶት ነበር። ግን የእርጥበቱን መጨረሻ ተሻምቶ፣ በዶማ ቆፍሮ ሽምብራ ዘርቶ ነበር፤ ያም አወጣቸው። ሁለት ልጆች ወልደዋል። ከዚያ መልእክቱን ነገረኝ። ስለ አበባው አልጠየቀችም።

«ጥላው ሰው ያስቀምጣል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብላለች።»

እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። አበባውን ከመንገድ አይቼ ነው ዜናውን የላክሁት። በማግሥቱ ሰውዬውን ይዤ ወጣሁ። የደረስነው በእኩለ ቀን ነው። ሜዳው እኩል ሆኗል፤ በዙሪያው የነበሩት መቃብሮች የት እንደነበሩ አይለይም። ከዛፉ ሥር ግን ሰዎች ነበሩ። የውሃ ጀሪካን ያወረዱ ሁለት ሴቶች፣ ጫማውን አውልቆ የተኛ አንድ ሽማግሌ፣ ደግሞም አህያ። ሴቶቹ ከእነሞላ በኋላ ወደ ካምፑ የገቡ ናቸው፤ ትግርኛ የተቀላቀለበት አማርኛ ይናገራሉ።

«ይህ ዛፍ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የማን እንደሆነማ እንጃ» አለች አንዷ። «ስንዱ ነው የሚሉት። ውሃ ቀድተን ስንዱ ሥር እናርፋለን፤ ለመንገድ የሚቀጣጠርም ስንዱ ሥር ነው የሚቀጣጠረው።»

ከጭልጋ የመጣው ሰው ፊቱን አዞረ። እኔ ሥራዬ ስለሆነ ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፤ ያንኑ ደገመችልኝ።

ለይታይሽ የላክሁት መልስ አጭር ነበር። «ሰው ያስቀምጣል። ስሟንም ያውቁታል።» ሰውዬው በቃሉ ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ ወሬያቸውን አልሰማሁም፤ እኔም ብዙ ሳልቆይ ከገዳሪፍ ወጣሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ረጃጅም ዘገባ ጽፌአለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ያቺን አጭር መልስ ግን አልረሳኋትም። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ግንቦት ሲገባ፣ ጭልጋ አንድ ጎጆ ውስጥ ያ ሰው ገብቶ ተቀምጦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ሲነግራት ይታየኛል። ምን እንዳለች አላውቅም። ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።